«ፎር ኬ ነው ብለውኝ ነበር» - የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ቪዲዮ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን ብዙዎቻችሁ ጥያቄያችሁ ዞሮ ዞሮ ፎር ኬ በሚባለው እጅግ ጥርት ያለ የምስል ዓይነት ላይ ነው ያረፈው። አየር ላይ ሰዓት ስላጠረን ቸኩዬ የመለስኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ከካዛንቺስ የደወሉ እናት፦ «የልጄን ሠርግ የቀረጹት ልጆች ሥራውን በፍላሽ ሰጡን። ቴሌቪዥኑ ላይ ስንሰካው ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ‹የእኛ ሥራ ፎር ኬ ነው፣ ቴሌቪዥናችሁ ነው አሮጌ› አሉን። ሌላ ቴሌቪዥን ልግዛ?»

ኧረ አይግዙ እናቴ! ድምፁ ከተሰማ ፋይሉ የመበላሸቱ ነገር ብዙም አያሳስብም።

የቪዲዮ ፋይልን ደራርቦ እንደሚያዝ ምሳ ዕቃ ያስቡት። ከፋይሉ ስም መጨረሻ የምናየው ኤምፒ ፎር ወይም ኤምኬቪ የዕቃው ዓይነት ነው። ውስጡ ምስሉ ለብቻ፣ ድምፁ ለብቻ ተቀምጧል። ምስሉ የተጨመቀበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል። የእርስዎ ቴሌቪዥን ዕቃውን ከፍቷል፣ ድምፁንም አግኝቷል፤ የምስሉን ኮዴክ ግን አላወቀውም። ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ኤምፒ ፎር እየተባሉ አንዱ ተከፍቶ ሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ መቀየርም ምንም አይፈይድም፤ ውስጡ ያው ነው።

ዛሬ በብዛት የሚያጋጥሙን ኮዴኮች ሁለት ናቸው። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው፤ የማያውቀው ስልክም ቴሌቪዥንም የለም ማለት ይቻላል። ኤች 265 በ2013 መጣ። ተቀራራቢ ጥራት በግማሽ ገደማ ቦታ ያስቀምጣል፤ ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች ግን አይከፍቱትም። ፎር ኬ የሚሠሩ ልጆች ፋይሉ እንዳይገዝፍባቸው ይወዱታል።

ስለዚህ ልጆቹ ጋ ደውለው እንዲህ ይበሏቸው፦ «በኤች 264፣ በፉል ኤችዲ፣ በኤምፒ ፎር አንድ ኮፒ አውጡልኝ።» ፉል ኤችዲ ከፎር ኬ ዝቅ ያለ የምስል መጠን ነው። ኤዲት ያደረጉበትን ካላጠፉት ሥራው የኮምፒውተሩ ነው፤ እነሱ ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ይደርሳል። በእኔ እምነት ሌላ ገንዘብ የሚያስጠይቅ አይደለም። ፎር ኬውንም አይመልሱላቸው፣ ነገ ቴሌቪዥን ሲቀየር ይጠቅማል። እስከዚያው ላፕቶፕ ያለው ዘመድ ካለ በቪኤልሲ ይክፈትልዎት፤ ፕሮግራሙ ነፃ ነው።

ስለ ፍላሽም አንድ ነገር ልጨምር። በፋት 32 (ፍላሽ ፋይል የሚያስቀምጥበት የቆየ አሠራር ነው) የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ «ክፍል 1፣ ክፍል 2» እየተባለ የሚቆራረጠው አንዳንዴ በዚህ ነው እንጂ ሠርጉ ስለረዘመ አይደለም።

ከፒያሳ የደወለ ወጣት፦ «ጫማ እሸጣለሁ። ስልኬ ፎር ኬ ይቀርጻል፣ ስልኬ ላይ ሳየው አንደኛ ነው። ለደንበኛ በቴሌግራም ስልከው ግን ጭቃ ይሆናል። ስፌቱ እንኳን አይለይም።»

ወንድሜ፣ ስልኩን የሸጠልህ ሰው የነገረህ ግማሹን ነው። ፎር ኬ ማለት 3840 በ2160 ፒክስል፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ሲሆን ወደ 2 ሚሊዮን ይሆናል። ልክ አራት እጥፍ ይበልጣል፤ እዚህ ድረስ አልዋሸህም። ያልነገረህ ቢትሬትን ነው። ቢትሬት ለእያንዳንዱ ሰከንድ የተመደበው ዳታ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ነው። ቪዲዮህ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ 1 ሜጋባይት፣ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ይወስዳል። ስልክህ ፎር ኬውን በሰከንድ 48 ሜጋቢት ከቀረጸው የአንድ ደቂቃው 360 ሜጋባይት ነው። ቴሌግራም ይህን እንደ ተራ ቪዲዮ ስትልከው ፒክስሉንም ዳታውንም ይቀንሳል። ለሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ቢተውለት ያ ሁሉ ወደ 15 ሜጋባይት ወረደ ማለት ነው። ከየት ቀነሰው? ከደቃቅ ነገር ላይ። ኮዴኩ መጀመሪያ የሚሠዋው የጫማ ስፌት፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ፣ የቅጠልና የፀጉር ዝርዝር ነው። ለስላሳ ግድግዳ ብዙ ዳታ አይፈልግም፤ ምንም አይሆንም።

እንቅስቃሴም ዳታ ይበላል። ቪዲዮ ተከታታይ ፎቶ ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ኮዴኩ ካለፈው ፍሬም ያልተለወጠውን እንዳለ ይወስድና የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ፣ ያቺ ያለችው ዳታም እዚያው አለቀች። ስለዚህ ስልኩን አንድ ነገር ላይ ደግፈው፣ ከጫማው ጀርባ ባዶ ግድግዳ አድርግ፣ ጫማውን ቀስ እያልክ አዙር። ይህች ብቻ ትልቅ ለውጥ ታመጣለች።

ቴሌግራም ላይ «ፋይል» የሚለውን መርጠህ ከላክኸው ሳይነካካው ያደርስልሃል፤ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ግን ለደንበኛህ ጥቅል እዘንለት! 360 ሜጋባይት አውርዶ ጫማ የሚያይ ማን አለ? 20 ሰከንድ አድርገው፣ በፉል ኤችዲ በሰከንድ 8 ሜጋቢት አውጣው፤ 20 ሜጋባይት ይሆናል፣ በፋይል ላክለት። እኔ ዳታ ከተራበ ፎር ኬ ይልቅ የጠገበ ፉል ኤችዲ እመርጣለሁ፣ ሁልጊዜ።

ከአራት ኪሎ የደወለች ተማሪ፦ «የመመረቂያ ሥራችንን ክፍል ውስጥ ስንቀርጽ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወርዳል። የተዋስነው ካሜራ ተበላሽቶብን ይሆን?»

አይዞሽ እህቴ፣ ካሜራው ጤነኛ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስም አምፖሉ ሁለት ጊዜ ይደምቃል። ረጃጅሞቹ ነጭ አምፖሎችና ርካሽ ኤልኢዲዎች በዚህ የተነሳ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራው ያየዋል። የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ፣ ፍሬሙን ደግሞ በሰከንድ 25 አድርጉት። ካሜራው 30 እና 60 ብቻ የሚያሳያችሁ ከሆነ 60 ኸርዝ ለሚጠቀሙ እንደ አሜሪካ ላሉ አገሮች በተዘጋጀው ኤንቲኤስሲ ላይ ነው፤ ሴቲንግ ገብታችሁ እንደኛ 50 ኸርዝ ለሚጠቀሙት ወደተዘጋጀው ፓል ቀይሩት። አይፎን ላይም ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ሥር፣ ፓል የሚያሳየውን አብሩት። አሁንም እምቢ ካለ አምፖሉን አጥፍታችሁ መስኮት አጠገብ ቅረጹ።

ከሜክሲኮ የደወለ፦ «60 ፍሬም ከ25 ይበልጣል አይደል?»

ለሚሮጥ ሰውና ለኳስ፣ አዎ። 50 ፍሬም ቀርጸህ በ25 ካጫወትከው ደግሞ በግማሽ ፍጥነት የሚሄድ ጥሩ ስሎው ሞሽን ታገኛለህ። ለቃለ መጠይቅ 25 ይበቃሃል። ፍሬም ሲበዛ እያንዳንዱ የሚያገኘው ብርሃን ስለሚያንስ ማታ ማታ ይጨልምብሃል።

ከለገሃር የደወሉ አባት፦ «በ80ዎቹ የተቀረጸ የሠርጌ ቪኤችኤስ ካሴት አለኝ። አንድ ቤት ‹ወደ ፎር ኬ እንቀይርልዎ› ብሎ የተጋነነ ዋጋ ጠራብኝ። ልክፈል?»

ጋሼ፣ ለፎር ኬው ብለው አንድ ብር አይጨምሩ። ካሴቱ በፓል ከተቀረጸ ምስሉ ከላይ እስከ ታች 576 መስመር ነው፤ ቪኤችኤስ ወደ ጎን የሚይዘው ዝርዝር ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። 720 በ576 ተደርጎ ቢገለበጥልዎ ካሴቱ ላይ ያለው ሁሉ ይመጣል። የሌለውን ፎር ኬ ከየት ያመጣዋል?

ገንዘብዎን ለጥንቃቄው ይክፈሉ። ድሮ ምስሉ የሚቀረጸው በግማሽ በግማሽ ነበር፦ መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮቹ፣ ከዚያ ሙሉዎቹ። በኮምፒውተር ሳይስተካከል ሲታይ ሙሽሪት እጇን ባነሳች ቁጥር ጠርዙ በአግድም ይሰነጣጠቃል። ዲኢንተርሌስ እንዲያደርጉት፣ ማለትም ግማሽ ግማሹን ወደ ሙሉ ምስል እንዲለውጡት፣ ይንገሯቸው። ምስሉ አራት በሦስት ስለሆነ በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፤ ይሁን። ለመሙላት ከለጠጡት ሚዜው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወፍራል። ኤዲት ከመደረጉ በፊት የተገለበጠውንም ፋይል ይቀበሏቸው።

ሳይሰጧቸው በፊት ግን ካሴቱን በመስኮቱ በኩል ይዩት። ቴፑ ጠርዝ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ማጫወቻ ውስጥ አይክተቱት፤ ማሽኑን አበላሽቶ ወደሌሎቹ ካሴቶችዎም ይጋባል። መጀመሪያ የሚያጸዳ ሰው ይፈልጉለት።