መጀመሪያ ማየት፦ ስለ ፈረስ እሽቅድድም የቀጥታ ስርጭት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የስፖርት ጋዜጠኞች፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ባልደረቦች፣ ክቡራን እንግዶች፤

ስለ ፈረስ እሽቅድድም የቀጥታ ስርጭት እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ሙያ እወደዋለሁ። ከስፖርት ስርጭት ሁሉ ከባዱ እርሱ ነው ብዬም አምናለሁ። የእግር ኳስ አስተላላፊ ዘጠና ደቂቃ አለው፤ አንድ ስም ቢስት ኳሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ያርማል። የፈረስ እሽቅድድም አስተላላፊ ግን አንዳንዴ ያለው አንድ ደቂቃና ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ፈረሶች ተጨናንቀው ይጋልባሉ። ጋላቢዎቹ በፈረሱ አንገት ላይ ስለሚያጎነብሱ ፊታቸው አይታይም። ከኮርቻው ሥር ያለው ቁጥርም ከሩቅ አይነበብም። አስተማማኙ መለያ ጋላቢው የለበሰው ሸሚዝና ያጠለቀው ቆብ ቀለም ነው፤ እርሱም የፈረሱ ባለቤት ቀለም ነው። አስተላላፊው እያንዳንዱን ቀለም ከፈረሱ ስም ጋር አቆራኝቶ በቃሉ ያጠናል። ውድድሩ ሲያበቃ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያገኛል፤ ያጠናውን ሁሉ ከአእምሮው አውጥቶ ሌላ አዲስ ያስገባል። በእንግሊዝ ሜዳዎች ይህን በአንድ ቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ያደርገዋል።

እንግዲህ ዛሬ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው። ጥሩ አስተላላፊ ማለት ጥሩ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። ድምፁ፣ የቃላት ሀብቱ፣ ግለቱ ሁሉ ከማየቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህን የሚያሳዩ ጥቂት ስርጭቶችን አነሣለሁ፤ ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቢቢሲ የሊቨርፑሉን ግራንድ ናሽናል በራዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው በ1927 ነው። ውድድሩ በኤይንትሪ ሜዳ የሚካሄድ፣ ሠላሳ ጊዜ አጥር የሚዘለልበት፣ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ግልቢያ ነው። ሜዳው ሰፊ በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን ማየት አይችልም። ስለዚህ አስተላላፊዎች በየቦታው ይቆማሉ፤ ፈረሶቹ ከአንዱ ዓይን ሲርቁ ንግግሩን ለሌላው ያቀብላሉ።

በ1967 ከሜዳው ማዶ የቆመው ማይክል ኦሄር ነበር። ኦሄር የደብሊን ሰው ነው፤ በ1938 ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ የአየርላንድን ባህላዊ እግር ኳስ በራዲዮ ማስተላለፍ የጀመረ። በዚያ ቀን አርባ አራት ፈረሶች ተነሡ። በሁለተኛው ዙር ሃያ ሦስተኛው አጥር ላይ ሲደርሱ፣ ጋላቢውን ቀደም ብሎ የጣለው ፖፓም ዳውን የተባለ ፈረስ ከፊት ሆኖ በድንገት ወደ ጎን ታጠፈ። ተከትለውት የመጡት እርስ በርስ ተጋጩ፤ ግማሾቹ ወደቁ፣ ግማሾቹ እምቢ ብለው ቆሙ፣ አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ዞሩ። አጥሩ ከሜዳው ዝቅተኛ አጥሮች አንዱ ነው፤ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ኦሄር የሠራውን አስተውሉ። ሩዘርፎርድስ ተደናቀፈ፣ ካስል ፎልስም እንዲሁ፤ ሮንዴቶ ወደቀ፣ ፕሪንስፉል ወደቀ፣ ኖርዘር ወደቀ፣ ከርትል ላድ ወደቀ፣ ዘ ፎሳ ወደቀ እያለ እያንዳንዱን በስሙ ጠራ። ቀጥሎም ከዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ፎይናቨን ብቻውን ወጥቶ መሄዱን፣ ከሌሎቹም ሃምሳ ወይም መቶ ያርድ መራቁን ተናገረ። ፎይናቨን አንድ ለመቶ የተወራረዱበት፣ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው የሌለ ፈረስ ነው። ባለቤቱ እንኳ በዕለቱ ሜዳው ላይ አልተገኘም። ከኋላ ርቆ ይመጣ ስለነበር ጋላቢው ጆን ባኪንግሃም ክፍተት ፈልጎ ለማለፍ ጊዜ አገኘ፤ እስከ መጨረሻው መርቶም አሸነፈ። ያ አጥር ዛሬ በፈረሱ ስም ይጠራል።

ኦሄር ፎይናቨንን እንዴት ለየው? መልሱ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ያለ ነው። ጋላቢዎቹ ወደሚለብሱበት ክፍል ገብቶ እያንዳንዱን ልብስ በዓይኑ አየ። የማያውቀው ቀለም የለበሰ ጋላቢ ሲያገኝ አንተ ማነህ፣ የምትጋልበው የትኛውን ነው ብሎ ጠየቀ። ጋላቢው ባኪንግሃም ነበር፤ ቀለሙ ኦሄር ከሚያውቀው ተለውጦ ነበር። ያቺ አንዲት ጥያቄ ባትጠየቅ ኖሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች መሪውን ሳያውቅ ይቆይ ነበር። ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ገድል ይህ ነው። ሰዎች ሲያነሡት ፍጥነቱን ያደንቃሉ፤ እኔ የማደንቀው ጠዋት ማንም የማይፈልገውን ፈረስ ጋላቢ ቆሞ መጠየቁን ነው።

የፒተር ኦሱሊቫን ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከ1947 እስከ 1997 ለሃምሳ ዓመት በቢቢሲ ሠርቷል፤ ሃምሳ ግራንድ ናሽናሎችንም አስተላልፏል። የእንግሊዝ ሕዝብ የእሽቅድድሙ ድምፅ ይለው ነበር። ፈረሶችም ነበሩት። በ1974 በቼልተንሃም ሜዳ አቲቮ የተባለው የገዛ ፈረሱ ሲወዳደር ስርጭቱን የያዘው እርሱ ራሱ ነበር። አቲቮ መርቶ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ድምፁ ለሌላ ፈረስ ከሚያሰማው አልተለየም። መስመሩን ሲያልፍም እንደማንኛውም አሸናፊ የፈረሱን ስም፣ ቀጥሎም የባለቤቱን ስም፣ ማለትም የራሱን፣ ከዚያም የአሠልጣኙንና የጋላቢውን በረጋ አንደበት ዘረዘረ። ስሜት አልነበረውም የሚል ካለ ተሳስቷል። በዚያች ደቂቃ ሁለተኛ የሚመጣውን ፈረስ የሚጠብቅ ባለቤት፣ ሦስተኛውን የሚመግብ የጋጣ ሠራተኛ፣ በአራተኛው ላይ ገንዘቡን ያስያዘ ሰው እያዳመጡት እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ታዲያ ስርጭት ደረቅ ይሁን ማለቴ አይደለም። ጁን 9 ቀን 1973 በኒውዮርክ ቤልሞንት ሜዳ ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ የሮጠውን ውድድር ያስተላለፈው አሜሪካዊው ቺክ አንደርሰን ነው። ፈረሱ በ31 የፈረስ ርዝመት ልዩነት አሸነፈ፤ ርቀቱንም በሁለት ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ጨረሰ። አንደርሰን ያኔ ያላት አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ ፈረሱ እንደ ግዙፍ ማሽን እየሄደ ነው ያላት፣ ዛሬም ድረስ ትጠቀሳለች። ከእርሷ በፊት ምን እንዳለ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሩብ ማይል በአንድ ደቂቃ ከዘጠኝ ሴኮንድ ከአራት አምስተኛ እንደጨረሱ ተናገረ፤ ለዚያ ርቀት የማይታመን ፍጥነት ነው። ቀጥሎ ልዩነቱ እየሰፋ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ በኋላ ነው ያቺ ዐረፍተ ነገር የመጣችው። ሰዓቱና ልዩነቱ አስቀድመው ስለተነገሩ አድማጩ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። አንደርሰን ቃሉን ከሜዳው አነሣው። ቤት ተጽፎ የመጣ ቃል ፈረሶቹ እንዴት ቢሮጡ ያው ነው፤ ለዚህም ነው ጆሮ ወዲያው የሚለየው።

ስህተትን በተመለከተ፣ ታላላቆቹም ተሳስተዋል። በ1947 በአሜሪካው የፕሪክነስ ውድድር አስተላላፊው ክሌም ማካርቲ ፈረሶቹ በማዶኛው መታጠፊያ ሲያልፉ የቆመ ሕዝብ ከለለበት። እንደገና ሲያያቸው ፎልትለስን ጄት ፓይለት መስሎት እስከ መጨረሻው በተሳሳተ ስም ጠራው፤ ያሸነፈውም ፎልትለስ ነበር። ወዲያው ግን በዚያው ማይክራፎን ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ ብሎ ለአገሩ ሁሉ ተናገረ። ራሱ አንደርሰንም በ1975 የኬንታኪ ደርቢ ላይ ፎሊሽ ፕሌዠርን በሌላ ፈረስ ስም ጠርቶ እየሮጡ ሳሉ አርሟል። እኔ አንድን አስተላላፊ የምመዝነው በስህተቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ለማረም በወሰደው ጊዜ ጭምር ነው። ዝም ብሎ ማለፍ፣ አድማጩ አላስተዋለም ብሎ ማሰብ፣ ለእኔ ከስህተቱ የከፋ ነው።

ጫናው ቀላል እንዳልሆነም እወቁልኝ። በአሜሪካ ከታወቁት አንዱ የሆነው ቶም ደርኪን በ2011 የሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ የኬንታኪ ደርቢን፣ የፕሪክነስንና የቤልሞንትን፣ የቴሌቪዥን ስርጭት በጭንቀት ምክንያት በገዛ ፈቃዱ ተወ። አክብሬዋለሁ።

አሁን ያለው ችግር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ዓይን ሁሉ ተወዳጁ ፈረስ ላይ መተከሉ ነው እላለሁ። በ2022 የኬንታኪ ደርቢ ሪች ስትራይክ አንድ ለሰማንያ የተወራረዱበት ፈረስ ነበር፤ ወደ ውድድሩ የገባውም ሌላ ፈረስ ስለወጣ፣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሁሉም ፊት ለፊት የሚፋለሙትን ሁለቱን ሲያይ እርሱ በውስጥ በኩል ሾልኮ መጣ። በቴሌቪዥን ስሙ የተጠራው መስመሩ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሃያ ፈረስ በሚሮጥበት ሜዳ ይህ ሊያጋጥም ይችላል፤ አስተላላፊው ላሪ ኮልመስም ብቃቱ የታወቀ ሰው ነው። ሆኖም ይህ ስርጭት በየትምህርት ክፍሉ ቢደመጥ ይጠቅማል፤ ከኋላ የሚመጣውን በየጥቂት ሴኮንዱ መቃኘት ለምን ግዴታ እንደሆነ ያሳያልና።

ሌላው ጩኸት ነው። ገና ከመነሻው የሚጮኽ አስተላላፊ ለመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች የሚያስቀረው ድምፅ የለውም። አድማጩም ወሳኙ ጊዜ የቱ እንደሆነ ከድምፁ መለየት ያቅተዋል።

ወደ እኛ ልመለስ። ይህን ሁሉ ያነሣሁት እኛም ሯጮች ስላሉን ነው። የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ በአሠራሩ ከፈረስ እሽቅድድም ጋር ይቀራረባል፤ ቡድን አለ፣ መሪ አለ፣ ከኋላ የተደበቀ አለ፣ የሚቆጠር ዙር አለ። በሲድኒ በ2000 ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት የተለያዩት በዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጻሜ በራዲዮ ለሚከታተል ሰው ቴርጋት የት እንዳለ ካልተነገረው የኃይሌ ድል ትልቅነት እንዴት ይገባዋል? እኔ የምሰማቸው ብዙ የአማርኛ ስርጭቶች ግን የኛን ልጆች ስም ብቻ ይደጋግማሉ። ኬንያዊው መቼ ወጣ፣ ኡጋንዳዊው በስንተኛ ቦታ ነው፣ ያለፈው ዙር በስንት ሴኮንድ አለቀ፣ አይነገረንም። በመጨረሻው ዙር ላይ ጩኸት ይመጣል፤ ማን ቀደመ የሚለውን ከጎረቤት እንጠይቃለን። አገር መውደድ ተቀናቃኝን ላለማየት ምክንያት መሆን የለበትም።

ፈረስን በተመለከተም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ጃንሜዳ የፈረስ ሜዳ ነበር። በአዊ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ በእንጅባራ ሲሰባሰቡ የሚታየው ግልቢያ ታላቅ ነው። ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ፣ ጉራች እያለ ፈረስን በመልኩ የሚለይ፣ መሪዎቹን አባ ዳኘው፣ አባ መላ፣ አባ ነፍሶ ብሎ በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ ልጆች ነን። ያን በዓል በቴሌቪዥን ስናይ ግን ስለ ታሪኩ የሚያወራ ድምፅ እንሰማለን፤ በዓይናችን ፊት የሚጋልበው ማን እንደሆነ፣ ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ ማን እንደቀደመ የሚነግረን ግን አናገኝም። ታሪኩ ከግልቢያው በፊትና በኋላ ይነገር። ፈረሶቹ ሲነሡ ስለ ፈረሶቹ ይወራ።

ስለዚህ ለእናንተ ለወጣቶቹ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ጥር ወደ እንጅባራ ከሚሄደው የስርጭት ቡድን ጋር አንድ ሰው ቀድሞ ይላክ። በዋዜማው ፈረሰኞቹን ያነጋግር፤ የእያንዳንዱን ስም፣ የፈረሱን መልክ፣ የኮርቻውን ጌጥ በካርድ ላይ በቀለም ይመዝግብ። በዕለቱ ከፍ ያለ ቦታና ጥሩ መነጽር ይሰጠው። ወጪው ትንሽ ነው። አለቆቻችሁ እምቢ ካሉ እኔ ራሴ መጥቼ ከጎናችሁ ሆኜ ላስረዳ ዝግጁ ነኝ።

አሁን ከሻይ ዕረፍቱ በፊት የ1967ቱን የኦሄር ስርጭት እናዳምጣለን። ምስሉን ሆን ብዬ አጥፍቼዋለሁ፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። በየጠረጴዛችሁ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። የወደቁትን ፈረሶች ስም በሰማችሁበት ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ከዚያ ከምስሉ ጋር እናመሳክረዋለን።