ዘርፍ ልቀይር ወይስ ልታገሥ?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ወጣት ጠበቆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሻይ ላይ ሦስት አራት ልጆች ጠጋ ብላችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቃችሁኝ። "ያለሁበት ሥራ አልሆነኝም። ልቀይር ወይስ ልታገሥ?" ያዘጋጀሁትም ንግግር ስለዚሁ ነው።

እኔ የጀመርኩት በክርክር ነው። ሦስት ዓመት ልደታ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። ሥራውን እወደው ነበር። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። እጄ የሚገባው ውል ሁሉ የሚመጣው ከተበላሸ በኋላ ነው። ሲጻፍ አንድ ሰው ቢጠነቀቅ ኖሮ ወንድማማቾች ችሎት ባልቆሙ ነበር። ስለዚህ ወደ ብድርና መያዣ ውሎች ተዛወርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ከእኔ በኋላ የተመረቀ ልጅ የሚያውቀውን አላውቅም። የወለድ ስሌት ሲወራ ዝም እላለሁ። አንድ ማታ የብድር ሰነድ እንዳነብ ተሰጠኝ። ሌሎቹ ወለዱንና የአከፋፈሉን ጊዜ አይተው ጨርሰዋል። እኔ ግን የማነበው "ዳኛው ምን ይጠይቀኝ ይሆን?" እያልኩ ነው። የሕንፃው መያዣ ውል ተፈርሟል። ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ የምዝገባ ማስረጃው የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3052 የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውጤት የሚኖረው ንብረቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ላይ ከሰፈረበት ቀን ጀምሮ ነው። ገንዘቡ ሊለቀቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አስቆምነው። የልደታው ሦስት ዓመት እንዳልባከነ ያን ማታ ገባኝ።

ለእናንተ ደግሞ ጊዜው የተሻለ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከ61 ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተካ። (ሁሉም አይደለም። ስለ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ የሚደነግገው ክፍል አሁንም የ1952ቱ ነው፤ አሮጌውን መጽሐፍ እንዳትጥሉት።) በዚያው በ2013 የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጣ። ጥር 2017 አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። በእነዚህ አዳዲስ ሕጎች ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እዚህ አገር የለም። አለቃችሁም አዋጁን የሚያነበው ከእናንተ እኩል ነው። መቀየር ካሰባችሁ አሁን፣ ደመወዛችሁም ስማችሁም ከአንድ ዘርፍ ጋር ሳይጣበቅ ቀይሩ።

አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። የከበዳችሁ ሥራው ነው ወይስ የሚያሠራችሁ ሰው? ሰውየው ከሆነ ዘርፍ መቀየር አይፈታውም፤ ቢሮ ቀይሩ።

ስትሄዱም ፋይላችሁን በወጉ አስረክቡ። አንድ ባልደረባችን ቸኩሎ ሲዛወር የአንድ መዝገብ ቀጠሮ ሳይነግረን ሄደ። የከሳሽ ጠበቃ እኛ ነበርን፤ ሳንቀርብ ቀረን፤ መዝገቡ ተዘጋ። ደንበኛችን በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። መዝገቡን እስክናስከፍት በየሳምንቱ ቢሮ እየመጡ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ፊታቸው አሁንም አይጠፋኝም። እያንዳንዱን መዝገብ ከነቀጠሮው ጻፉ፤ ተረካቢውን አስፈርሙ።

የብድር ውል አንብባችሁ የማታውቁ፣ ከምሳ በኋላ አትሂዱብኝ። ስሞቹ የጠፉበት አንድ ናሙና ይዤ መጥቻለሁ። እዚሁ አዳራሽ ቁጭ ብለን አንቀጽ በአንቀጽ እናነበዋለን።

አመሰግናለሁ።