ታክሲ የምንጠብቅበት ጎን

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ነው የመጣችሁት፤ የማወራውም ስለዚያው ሰልፍ ነው።

ሰንጋ ተራን አስቡት። ግራና ቀኝ የባንክ ፎቆች፣ መሃል ላይ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ አውቶቡስ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከፎቆቹ በላይ ነፋስ መንገዱን አቋርጦ ይነፍሳል እንበል። ጭሱን ጠርጎ የሚሄድ ነው የሚመስለን። እንደዚያ አይደለም። ነፋሱ ማዶ ያለውን ፎቅ መትቶ ይወርዳል፣ አስፋልቱን እየጠረገ ይመለሳል፣ ከየማርሚታው የወጣውን ሁሉ ይዞ መጀመሪያ ወደመጣበት ጎን ያስጠጋዋል፣ እዚያ ግድግዳውን ተከትሎ ወጥቶ እንደገና ይዞራል። ስለዚህ ከምሥራቅ ሲነፍስ ጭሱ የሚበዛው በምሥራቁ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። ተሻግሮ ማዶ የቆመ ሰው ሌላ አየር ይተነፍሳል ማለት ነው! ይህን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ሳየው ማመን አቅቶኝ ቁጥሩን ሁለት ሦስቴ መልሼ አስገብቼዋለሁ።

ስሌቱ ተአምር አይደለም። ዴንማርኮች ለዚህ የሠሩት ኦኤስፒኤም የሚባል ሞዴል አለ። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በቀጥታ ከመኪናው የሚመጣውንና ዞሮ የሚመለሰውን ጭስ ለየብቻ አስልቶ ይደምራል። የሚጠይቀን የፎቁን ቁመት፣ የመንገዱን ስፋት፣ ነፋሱን፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጣውን ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ በሰዓት ስንት መኪና፣ ምን ዓይነት መኪና፣ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መኪና በኪሎ ሜትር ስንት ጭስ እንደሚተፋ የሚናገረው ሰንጠረዥ የተሠራው አውሮፓ ውስጥ፣ ለአውሮፓ መኪና ነው። እኛ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም። ዳገቱም አለ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሰው ሞልቶ በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስት ሚኒባስ ከኋላው የሚለቀውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአውሮፓውን ቁጥር እንዳለ ከገለበጥን ኮምፒውተሩ ያጽናናናል እንጂ እውነቱን አይነግረንም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞዴሉ አየሩን የትኛው ከፍታ ላይ እንደሚያሰላ የምንነግረው እኛ ነን። አብዛኛውን ጊዜ የቆመ ሰው አፍንጫ አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል። ሊስትሮው ግን ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። አፍንጫው ከማርሚታው ብዙም አይርቅም፤ እኛ ታክሲ አግኝተን ስንሄድ እሱ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ቆሎ የምትሸጠዋም፣ ተራ አስከባሪውም እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቁ ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 ለሚባለው፣ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ በሜትር ኪዩብ 5 ማይክሮግራም ነው። ሊስትሮው ያለበትን ከፍታ ሳናሰላ ስለዚህ ቁጥር ማውራት ይከብደኛል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ይብሳል። ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይቀራል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ኅዳር 12 ሲታጠን ጭሱን ሁላችንም እናየዋለን። የመኪናው ጭስ ግን ፀሐይ ሞቅ እስክትል በየማለዳው አክንባሎው ሥር ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ ደስ ይላል። የነበሩት ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፤ የፍሬንና የጎማ ብናኝም በኤሌክትሪክ መኪና አይቀርም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ ቦታ ከመመረጡ በፊት፣ ጠባብ መንገድ ዳር ፎቅ ከመፈቀዱ በፊት ይሰላ። ሰልፉን ወደ ማዶ ለማሻገር የሚያስፈልገው ቀለምና ታፔላ ነው።

ለስሌቱ ደግሞ የራሳችን ቆጠራ ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሰንጋ ተራ ቆመን መኪና እንቆጥራለን፣ ሚኒባሱን ለብቻ፣ አይሱዙውን ለብቻ። በየጎኑ አራት ሰው እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ያለነው ሦስት ነን። ስትወጡ በሩ አጠገብ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ታገኙኛላችሁ።