ከጣና ዳር ሆኖ ፖስትዶክ መፈለግ

[ምስል፦ ፔዳ ግቢ፣ ከዚያ የጣና ዳርቻ]

ሰላም ወገኖቼ። ይህ ቪዲዮ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ፔዳ፣ ፖሊ ወይም ዘንዘልማ ሆናችሁ ፒኤችዲያችሁን ለጨረሳችሁ፣ ዲፌንስም ለተቃረበባችሁ ነው።

ፖስትዶክ ሌላ ዲግሪ አይደለም። ከፒኤችዲ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት፣ በአንድ የምርምር ቡድን ውስጥ እየተከፈለ የሚሠራ ሥራ ነው። በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው፣ ገንዘብ ያገኘ ፕሮጀክት ሰው ሲቀጥር ማመልከት ነው፤ የአውሮፓዎቹ ክፍት ቦታዎች ዩራክሰስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ሁለተኛው፣ የራሳችሁን ጥያቄ ይዛችሁ፣ የሚቀበላችሁ ፕሮፌሰር አግኝታችሁ ለፌሎሺፕ፣ ማለትም ለተመራማሪው ለራሱ ለሚሰጥ የምርምር ድጋፍ፣ መወዳደር ነው። ለእኛ የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

[ምስል፦ እምቦጭ የሸፈነው የሐይቅ ዳርቻ]

ጣናን ተመልከቱ። እምቦጭ ሐይቁ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሣዎች አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ውጭ አገር ያለው ቡድን ሳተላይትና ትልቅ ኮምፒውተር ሊኖረው ይችላል፤ ለዓመታት ከዚህ ውኃ የተቀዳው ናሙና ግን እናንተ እጅ ነው።

ስለዚህ ለፕሮፌሰሩ «ሥራዎትን በጣም አደንቃለሁ፣ ክፍት ቦታ ካለ ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጻፉ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ቡድናችሁ የእምቦጭን ስፋት ከሳተላይት የለካበትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ክረምት ላይ ደመናው ምስሉን ይሸፍነዋል። እኔ በእነዚያ ወራት በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ በጀልባ የሰበሰብኩት መረጃ አለኝ። ሁለቱን ማገናኘት እፈልጋለሁ።» ሲቪና አንድ የታተመ ጽሑፋችሁን አያይዙ፤ በቃ። ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ በትሕትና አስታውሱ። ዝምታው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ብዛት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር ልምጣ። ማሪ ኩሪ የምንለው የአውሮፓ ኅብረት ፌሎሺፕ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው፤ ግን ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በኖራችሁበት ወይም በሠራችሁበት አገር ላለ ተቋም መወዳደር አይፈቅድም። ሳንድዊች ፒኤችዲ፣ ማለትም ከፊሉን እዚህ ከፊሉን ውጭ አገር፣ የሠራችሁ፣ ፓስፖርታችሁን አውጡና ወራቱን ቁጠሩ! በእነዚያ 36 ወራት ውስጥ ቤልጂየም የቆያችሁበት ጊዜ ከ12 ወር ካለፈ የቀድሞ አማካሪያችሁ ቤተ ሙከራ ለጊዜው ዝግ ነው፤ ጎረቤቷ ሆላንድ ግን ክፍት ናት። አማካሪያችሁ እዚያ የሚያውቁት ባልደረባ አይጠፋም፤ እንዲያስተዋውቋችሁ ጠይቁ።

የጀርመኑ ሁምቦልት ፌሎሺፕ ደግሞ ፒኤችዲ ካገኙ 4 ዓመት ያልሞላቸውን ከ6 እስከ 24 ወር ይቀበላል። ቤተሰብና ማስተማር ላለበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

«ቦታ አገኝልሃለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል» ለሚላችሁ ሰው ምንም አትላኩ። ፖስትዶክ ተመራማሪው የሚከፈልበት እንጂ የሚከፍልበት አይደለም።

የማሪ ኩሪ ማመልከቻ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ፕሮፖዛሉን ከተቀባዩ ፕሮፌሰር ጋር ስለምትጽፉት ክረምቱ በሙሉ ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንግዲህ ፋሲካ አካባቢ ይላክ።