ዳታ ሴንተሮች ብልሽታቸውን ለምን ይደብቃሉ?

ሰላም ሰላም! እንኳን ወደ ቻናላችን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ዳታ ሴንተር ብልሽት ነው፤ ብዙ ሰርቨር ኮምፒውተሮች ተሰብስበው የሚሠሩበት ቦታ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ግን እዚሁ አዳማ፣ ባጃጅ ተራ እንሂድ።

ጠዋት ተራው ጋ ቁሙ። ሹፌሮቹ ወረፋ እስኪደርሳቸው ምን ያወራሉ? ኳስ፣ እሺ። ከኳስ ቀጥሎ ግን ዕቃ ነው። «ስማ፣ ያ አዲሱ ኩሽኔታ እንዴት ነው?» «ተወው ባክህ፣ ወርም አልቆየልኝ።» ሌላው ይቀበላል፣ «የኔም እንደዛው!» ሦስተኛውም እንደዛው። በቃ፣ ያንን ኩሽኔታ ማንም አይገዛውም። አንዱ ሹፌር ብቻውን ቢሆንስ? «መንገዱ ነው» ይላል። ወይ «ዕድሌ ነው» ይላል። ተራው በሙሉ ሲናገር ግን ጥፋቱ የኩሽኔታው እንደሆነ ይታወቃል። ደግሞ ማንም «ስሜ ይጠፋል» ብሎ አይደብቅም። ይህን ነገራቸውን በጣም ነው የምወደው።

ዳታ ሴንተር ውስጥስ? ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ይቃጠላል፣ ይቀየራል፣ ከዚያ «ስማችን ይጠፋል» ተብሎ ዝም። ያው ሞዴል ያለው ሌላ ድርጅት ምንም አይሰማም።

መፍትሔው ይኸው። ሞዴሉ፣ ዕድሜው፣ የፈርምዌሩ (ዕቃው ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ቁጥር፣ የክፍሉ ሙቀት፣ መጀመሪያ የታየው ምልክት ይመዘገባል። የድርጅቱ ስም ይወጣል። ብልሽቱ በሞዴል ይደመርና ሥራ ላይ ላለው ዕቃ ብዛት ይካፈላል። አለቀ። ናሳ ለአቪዬሽን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአብራሪዎች እንዲህ ይሰበስባል። አፕታይም ኢንስቲትዩት የሚባለው የዳታ ሴንተር ተቋም ደግሞ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዳታ ሴንተር አባላቱ።

አሁን አንድ ነገር ላቁም። «መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ መግለጫው ላይ አንድ ሚሊዮን ሰዓት ይላል፣ 114 ዓመት ይሠራል፣ ምኑ ይመዘገባል?» የምትሉኝ አላችሁ። አይደለም! ቁጥሩ የአንድ ዲስክ ዕድሜ አይደለም። 1,000 ዲስክ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ ሲሠራ 8,760,000 ሰዓት ይሆናል። ለሚሊዮን አካፍሉት። በዓመት ዘጠኝ ገደማ ይበላሻል ማለት ነው። ሃያ ዲስክ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድም ላያይ ይችላል። ስለዚህ ብቻውን ምንም አያውቅም። ያ ቁጥር ደግሞ የአምራቹ ግምት ነው። እውነቱ የሚገኘው ከተጠቃሚው ነው። ባክብሌዝ የሚባለው የመረጃ ማከማቻ ድርጅት የራሱን ዲስኮች ብልሽት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞዴል ለይቶ ያወጣል። እግዜር ይስጣቸው!

ሌላም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ (የሚሽከረከር ክፍል የሌላቸው ዲስኮች) ልክ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው እንደሚሞቱ አሳወቀ። ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር አካባቢ ነው። ችግሩ ፈርምዌር ነበር። በአንድ ቀን የተገጠሙ ዲስኮች በአንድ ቀን ይሄዳሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል ብላችሁ ያሰባችሁት ሁሉ አብሮ ገደል ይገባል። ቀድሞ የሰማ ግን ፈርምዌሩን አዘምኖ ይተርፋል።

ለእኛ ደግሞ የሰው አገር መረጃ ብቻ አይበቃም። አዳማ ይሞቃል። የዩፒኤስ የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከተማችን ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ጄኔሬተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ዳታ ሴንተር አይነግረንም። በእኔ እምነት ዕቃ ስንገዛ ውሉ ላይ «ብልሽቱን ለሌሎች መንገር ይቻላል» የሚል መስመር መግባት አለበት።

ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ። ሰርቨር ክፍል የምትሠሩ ደግሞ የድርጅት ስም ሳትጠቅሱ የባትሪውን ሞዴል፣ ስንት ዓመት እንደሠራና የክፍሉን ሙቀት ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በሠንጠረዥ አድርጌ ለሁላችሁም እለቅላችኋለሁ።