ከመንገድ ያነሳነው ውሻ ቤቱን እንዲለምድ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ። የዛሬው ወሬያችን ስለ አዲሱ ውሻ ነው። ከሉካንዳ ደጃፍ ወይም ከመናኸሪያ አንስታችሁ ወደ ግቢያችሁ ስላስገባችሁት ውሻ። ገብቷል፤ ግን አይበላም። ጥግ ይዟል። ስትቀርቡት ጅራቱን እግሮቹ መካከል ይወሽቃል። «ምን ነካው? ጠላን እንዴ?» ትላላችሁ። አልጠላችሁም። እንግዳ ሆኖባችሁ ነው።

እስቲ የቆሎ ተማሪውን አስቡልኝ። ጎጃም ተወልዶ የቆሎ ተማሪ የማያውቅ የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ከሩቅ አገር ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል። በደረሰበት ቀን የኔታ ጠርተው «በል ተቀኝ» ይሉታል? አይሉትም። መጀመሪያ ጎጆውን ይቀልሳል። ከጉባኤው ዳር ይቀመጣል። ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የትኛው ደጅ እንደሚመጸውት፣ የኔታ በምን እንደሚቆጡ ያያል። ያዳምጣል፣ ያዳምጣል፣ አሁንም ያዳምጣል። አፉን ሲፈታም ከባለ ሁለት ቤቱ፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ ከሆነው ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይከተላል። ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ የሚዘርፈው ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ ነው። እነዚህን ተማሪዎች ከልቤ ስለማከብር ነው ምሳሌ ያደረግኋቸው፤ የትዕግሥትን ነገር ከእነርሱ የተሻለ የሚያስረዳልኝ የለም።

እንግዲህ ውሻውን በገባበት ቀን ማጠብ፣ ጎረቤት ጠርቶ ማሳየት፣ ልጆች እንዲያቅፉት መፍቀድ ምን ማለት ነው? በመጣበት ቀን መወድስ ዝረፍ ማለት ነው! ጎጆውን ስጡት። ዳር ይቀመጥ። ያዳምጥ።

ዋና ዋናውን ቶሎ ልበልላችሁ፤ ቻናሉን የምትከታተሉ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ውሻ አሳዳጊዎች 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚሉት ልማድ አለ፤ በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርድለታል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፣ በ3 ወር ቤቴ ይላል። ከዚህ የሚፈጥንም የሚዘገይም አለ። መኝታውን ከመሬት ከፍ አድርጉለት፤ ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የክረምቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ዓይን ዓይኑን አትዩት፤ ጎን ሰጥታችሁ ተቀመጡ፣ ራሱ ይምጣ። ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረሙ «ተውኝ» ማለቱ ነው፤ ይህን በዱላ ያስተዋችሁት ውሻ ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ከቡሬም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከዳንግላም አንድ ዓይነት ሐሳብ ይደርሰኛል፦ «ውሻ ካልታሰረና ካልተራበ ቤት አይጠብቅም።» አይደለም! ወገኖቼ፣ ፈጽሞ አይደለም! የተራበ ውሻ ለማን ይጮሃል? ሌባው በአጥር ላይ አንድ ቁራሽ ሥጋ ቢወረውርለት፣ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጌታው ሌባው ነው። ውሻ የሚጠብቀው የእኔ ነው ያለውን ቤት ነው፤ የእኔ የሚለው ደግሞ የጠገበበትን፣ ያልተመታበትን ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የዋለ ውሻ ሲፈራ መሸሻ የለውም፤ ስለዚህ ይናከሳል። የሚነክሰውም ሌባውን ሳይሆን ኳሱን ሊያነሳ የተጠጋውን የጎረቤት ልጅ ነው። ይህ ጀግንነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። አጥር ከሌላችሁና የግድ ማሰር ካለባችሁ ገመዱ ይርዘም፤ ጥላና ውኃ ከአጠገቡ አይራቅ፤ በየቀኑም ፈታችሁ አንሸራሽሩት።

ምግቡን በተመለከተ፣ ከወጡ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ደግሞ በየትኛው ቤታችን አለ? ባዶ እንጀራ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ በጾም ወራት እንቁላል ቀቅላችሁ ስጡት፤ እርሱ አይጾምም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ይወጋል። ለበዓል በግ ስታርዱ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት በጥሬው አትጣሉለት፤ በውስጡ ያለው ትል በውሻው በኩል ዞሮ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። የትል መድኃኒቱንም አትርሱ።

በመጨረሻ ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት፣ ለወራትም ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጤነኛ መስሎ የገባውን ውሻ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሕፃናት ጋር ብቻውን አትተዉት። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ «እስቲ ነገን እንይ» አይባልም።

በሚቀጥለው ክፍል ከዶሮና ከበግ ጋር እንዴት እንደምናላምደው አሳያችኋለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ ቻናሉን ተከታተሉ። ውሻችሁን ገና ያላስከተባችሁ ግን ያንን ክፍል አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት የወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ይዛችሁት ሂዱ።