ቀኑን ከየት እንቁጠር? (መንዝ ውስጥ በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ የቀረበ ንግግር)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? በዚህ ብርድ ዳገቱን ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባሎችም መጥታችኋል፤ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። የመጨረሻው የወር አበባችሁ ስለጀመረበት ቀን።

አንዲት እናት አትረሳኝም። «ገና አንድ ወር ይቀረኛል» ብላ ቤቷ ነበረች። አመሻሽ ላይ ኩበት ስትሰበስብ ምጥ ያዛት። ጎረቤት ሌሊቱን በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣት። ተመስገን፣ እሷም ልጇም ተርፈዋል። በኋላ አብረን ስንቆጥር፣ መቁጠር የጀመረችው አበባዋ ከቀረበት ወር ነበር፤ መጨረሻ ካየችበት አይደለም። አንድ ወር ሙሉ ጠፋባት። ይህን ስህተት ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

እናቶቻችን «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ይላሉ። ያ ከተጸነሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ያንን ቀን ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ የምንቆጥረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው። ወራችን ሁሉ 30 ስለሆነ ሂሳቡ አይከብድም። ዘጠኝ ወር ቁጠሩና 10 ቀን ጨምሩ። ጳጉሜ መሀል ከገባች የምትጨምሩት 5 ብቻ ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች ደግሞ 4።

ጥር 12፣ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕር ሲገባ አበባዋን ያየች እናት ዘጠኝ ወሯ ጥቅምት 12 ይሞላል። 5 ስትጨምር ጥቅምት 17። ጥቅምት 12 ያየች ደግሞ ሐምሌ 22 ላይ ትደርሳለች። ሐምሌ! አዳባይና ወንጭት ያኔ እንዴት እንደሚሞሉ እናንተ ታውቃላችሁ። ይቺ እናት በሐምሌ መጀመሪያ የእናቶች ማቆያ መግባት አለባት። ምጥ ወንዙ እስኪጎድል አይጠብቅም።

ቀኑን በቁጥር የማታስታውሱ በበዓል ንገሩኝ። «ለማርያም ጠላ ስጠምቅ»፣ «የጊዮርጊስ ማግስት ገበያ ስሄድ» ካላችሁኝ ይበቃኛል።

ጡት እያጠባችሁ ወይም የሦስት ወር መርፌ እየወሰዳችሁ ቆይታችሁ አበባ ሳታዩ ያረገዛችሁ ግን በዚህ ሂሳብ አትመሩም። እናንተ ቶሎ አልትራሳውንድ መነሳት አለባችሁ። አልትራሳውንድ ቀኑን አጥርቶ የሚነግረን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ሆድ ከገፋ በኋላ በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል። እባካችሁ «ሆዴ ሳይታይ ምን አስሮጠኝ» አትበሉ።

ቀኑ ግምት ነው። ልክ በዕለቱ የምትወልደው ከ100 እናት 5 ያህሏ ናት። ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎም፣ ትንሽ አልፎም መውለድ ያለ ነው። ቀኑ ካለፈ ግን ምጥ ባይኖርም ኑ። ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ገንፎው እስኪደርስ አንድ በአንድ ወደ እኔ ኑ። ያያችሁበትን ቀን ቀስ ብላችሁ በጆሮዬ ንገሩኝ፣ ካርዳችሁ ላይ እጽፈዋለሁ። ባሎችም የመውለጃውን ቀን ሰምታችሁ በቃላችሁ ያዙ።